ዘወትር አብረው የሚጓዙ ጓደኞች የቤንዚን ወጪን እንዴት ይካፈሉ?

ከአያት፣ ከሰሚት ወይም ከጀሞ ተነስቶ መሃል ከተማ የሚሠራ ባለመኪና ብቻውን የሚሄድበት ቀን ጥቂት ነው። ጎረቤት አለ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አለ፣ አንዳንዴም የባልደረባ እህት አብራ ትሳፈራለች። ነገሩ የሚጀመረው በደግነት ነው፦ «መንገዴ ነው፣ ምን ችግር አለ፣ ግቡ።» ወራት ሲቆጠሩ ግን ደግነቱ የየወሩ ወጪ ይሆናል። ባለመኪናው መጠየቅ ያሳፍረዋል። ተሳፋሪው ስንት መስጠት እንዳለበት አያውቅም። ሁለቱንም ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ይላሉ። በእንዲህ ያለ ዝምታ የተቀዛቀዘ ወዳጅነት ብዙ አይቻለሁ፤ በአንድ ገጽ ሒሳብ ሊፈታ ይችል የነበረ ነገር መሆኑም ያሳዝነኛል።

በእኔ እምነት አብሮ መጓዝ እንዲዘልቅ ነዳጁ በሊትር ሊቆጠር፣ ሊትሩም ባለመኪናውን ጨምሮ መኪናው ውስጥ ላሉት ሁሉ አብረው በሄዱበት ርቀት ልክ ሊከፋፈል ይገባል። ይህ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ።

አስቀድሞ ድንበሩን ማስመር ያስፈልጋል። ዝናብ ላይ ቆሞ ያገኙትን ጎረቤት ማሳፈር፣ የታመመ ሰው ሆስፒታል ማድረስ፣ ለቅሶ ቤት አብሮ መሄድ ሒሳብ የለበትም፤ ሊኖርበትም አይገባም። ስለ ቤንዚን መነጋገር የሚያስፈልገው ጉዞው ሲደጋገምና ሰው ቀኑን በዚያ ላይ ተማምኖ ማቀድ ሲጀምር ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ መያዝ የተወ፣ ባለመኪናው ሲዘገይ «የት ደረስክ?» ብሎ የሚደውል ሰው እንግድነቱ አብቅቷል። የጉዞው ባለድርሻ ሆኗል።

ስምምነቱ በሊትር ይሁን

ብዙ ሰው ሲስማማ «በወር ይህን ያህል ብር» ብሎ ነው የሚስማማው። ብሩ ባለበት ይቆማል፤ የቤንዚን ዋጋ ግን አይቆምም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዋጋ በወር 1,000 ብር የሚያዋጣ ተሳፋሪ ወደ 21 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይሸፍን ነበር። ያው 1,000 ብር በሁለተኛው ዋጋ 10 ሊትር አይሞላም። ተሳፋሪው «ሁልጊዜ የምከፍለውን ዛሬም እየከፈልኩ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ባለመኪናው «ከኪሴ እየወጣ ነው» ቢልም እውነቱን ነው። ሁለት እውነተኞች የሚጣሉበት ስምምነት መጥፎ ስምምነት ነው።

የጭማሪው አንዱ ምክንያትም ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ የታለመ ድጎማ ብሎ ያስቀረው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ነበር። ኮድ 2 ሰሌዳ የለጠፈው የግል መኪና ከዚያ ውጭ ሆነ። ስለዚህ ተሳፋሪ «በታክሲ ብሄድ ይህን ያህል ብቻ ነበር የምከፍለው» ሲል የቆየው፣ ድጎማ ባገኘ ነዳጅ የተተመነን ዋጋ ድጎማ ካላገኘ ነዳጅ ጋር እያነጻጸረ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስምምነቱ «በወር 18 ሊትር» ይሁን፤ ክፍያው ደግሞ በዚያ ወር ዋጋ ይሰላ። ያኔ ባለመኪናው ዋጋ በተለወጠ ቁጥር «ጨምሩልኝ» የሚለውን ከባድ ቃል ማውጣት አይኖርበትም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የዚህ ዘዴ ጥቅም ይህ ነው፤ ወዳጆች መካከል የሚከብደው ገንዘቡ ሳይሆን ጥያቄውን መደጋገም ነውና።

መኪናው ስንት ይበላል?

በሊትር ለመስማማት መኪናው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ማወቅ ግድ ነው። መኪናውን ስትገዙ የተነገራችሁ ቁጥርም ሆነ የፋብሪካው ወረቀት ለዚህ አይበቃም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅባት ከተማ ናት፤ የጠዋቱ መጨናነቅ ደግሞ ይጨመርበታል። ጥርት ባለ መንገድ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ መኪና በሥራ መግቢያ ሰዓት ወደ 10 ቢወርድ የሚያስገርም አይደለም። ቆሞ የሚሠራ ሞተርም ይበላል፤ መብራት ላይ የምንቆምባቸው ደቂቃዎች ኪሎ ሜትር ሳይጨምሩ ቤንዚን ይቀንሳሉ።

መለኪያው እንዲህ ነው። ታንኩን እስከ አፉ ይሙሉና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ። እንደ ወትሮው ይንዱ። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና እስከ አፉ ሲሞሉ የገባውን ሊትርና አዲሱን ቁጥር ይጻፉ። የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። ማደያው በወረፋ ብዛት ሙሉ በማያስቀዳበት ጊዜ፣ ከአንዱ ሙሉ ታንክ እስከ ሌላው ሙሉ ታንክ በመካከል የተቀዳውን ሁሉ መደመር ይበቃል። የነዳጅ ክፍያ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብርና በመሰል የዲጂታል መንገድ እንዲሆን መደረጉ እዚህ ላይ ይረዳል፦ መቼ ስንት እንደተከፈለ ስልኩ ያስታውሳል፤ ባለመኪናውም ወረቀት ሰብሳቢ መሆን የለበትም። ልኬቱን ተሳፋሪዎች ባሉበት አንድ ጊዜ ማድረግ ደግሞ ጥርጣሬን ከሥሩ ይነቅላል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ለማን ለማን ይከፋፈል?

አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ ርቀቶቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ባለመኪናው ከአያት ይነሳል፤ አንድ ጎረቤቱ አብሮት ይገባል። ከ4 ኪሎ ሜትር በኋላ ሲኤምሲ ላይ አንዲት ባልደረባ ትሳፈራለች። ከዚያ 6 ኪሎ ሜትር ሄደው መገናኛ ላይ አራተኛው ሰው ይጨመራል። ቀሪውን 8 ኪሎ ሜትር አራቱም አብረው ሜክሲኮ ይደርሳሉ። ጠቅላላው 18 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ 36 ነው። መኪናው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ካልን፣ በቀን 3.6 ሊትር ያቃጥላል።

ፈጣኑ መንገድ ለአራት ማካፈል ነው፦ ለእያንዳንዱ 0.9 ሊትር። ከአያት ለተነሱት ሁለት ሰዎች መልካም ነው። የመገናኛው ሰው ግን የጉዞውን ግማሽ እንኳ ሳይሳፈር ሙሉ ድርሻ ይከፍላል። ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

የተሻለው መንገድ ጉዞውን ቆራርጦ ማየት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በዚያ ቁራጭ ላይ መኪናው ውስጥ ለነበሩት ብቻ ይከፈላል። ከአያት እስከ ሲኤምሲ ያለው 4 ኪሎ ሜትር ለሁለት ሰው ነው፤ ለየራሳቸው 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳቸዋል። ከሲኤምሲ እስከ መገናኛ ያለው 6 ኪሎ ሜትር ለሦስት፣ አሁንም 2። የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ለአራት፣ አሁንም 2። ሲደመር ባለመኪናውና ጎረቤቱ 6 ኪሎ ሜትር 6 ኪሎ ሜትር፣ የሲኤምሲዋ 4፣ የመገናኛው 2 ይይዛሉ፤ ድምሩም 18 ነው። ደርሶ መልሱ በሊትር ሲሰላ 1.2፣ 1.2፣ 0.8 እና 0.4 ይሆናል። አንድ ሊትር 120 ብር ነው ብንል በቀን 144፣ 144፣ 96 እና 48 ብር ማለት ነው። በእኩል ክፍፍሉ እያንዳንዱ 108 ብር ይከፍል ነበር። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር የመገናኛው ሰው በአንዱ ዘዴ 8.8 ሊትር፣ በሌላው 19.8 ሊትር ይከፍላል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ይህ ቆራርጦ የመካፈል ሐሳብ በኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ መሠረት አለው። አሜሪካዊው ሎይድ ሻፕሊ በ1953 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰዎች በጋራ የፈጠሩትን ጥቅም ወይም ወጪ እንዴት በፍትሕ መካፈል እንደሚቻል የሚያሳይ ቀመር አቀረበ። ከ20 ዓመት በኋላ ሊትልቻይልድና ኦወን የተባሉ ተመራማሪዎች ቀመሩን በአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሞከሩት። ትንሽ አውሮፕላን አጭር ማኮብኮቢያ ይበቃዋል፤ ትልቁ ረጅም ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ክፍል ወጪ ሁሉም ይካፈላሉ፤ የተረፈውን ርዝመት የሚከፍሉት እርሱን የሚፈልጉት ብቻ ናቸው። ከአያት እስከ ሜክሲኮ ያለው ጉዞም በዚሁ ቀመር ሲሰላ ከላይ ያገኘናቸውን ቁጥሮች ይሰጣል።

ሌላ ቀለል ያለ ዘዴም አለ፦ እያንዳንዱ ሰው የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ደምሮ በዚያ መጠን መክፈል። በምሳሌያችን 18፣ 18፣ 14 እና 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድምሩ 58። የመገናኛው ሰው ድርሻ ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ከቁርጥራጩ ዘዴ በቀን 12 ብር ያህል ይበልጣል። ይህን መርጣችሁ ብትስማሙ አልከራከርም።

«ብቻውንስ ቢሆን አይሄድ ኖሯል?»

ተሳፋሪዎች አፍ አውጥተው ባይናገሩትም የሚያስቡት ጥያቄ ነው፤ ፊት ለፊት መመለስም ይገባዋል። ባለመኪናው ያለ እነርሱም ያንኑ መንገድ ይሄድ ነበር። በእነርሱ ምክንያት የተጨመረው ቤንዚን ስንት ነው? የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚለው መኪና ላይ 45 ኪሎ ግራም ገደማ ሲጨመር ፍጆታው በ1 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ሦስት ሰው 200 ኪሎ ቢመዝን ጭማሪው 4 ወይም 5 በመቶ ነው። ከ3.6 ሊትር ላይ ቢሰላ በቀን ሃያ ብር ገደማ ነው፤ ለሦስቱም በድምሩ።

ይህ የታችኛው ወለል ነው። ከዚህ በታች ከከፈሉ ባለመኪናው እነርሱን በማሳፈሩ በግልጽ እየከሰረ ነው። የላይኛው ጣሪያ ደግሞ ተሳፋሪው በሌላ መንገድ ቢሄድ የሚያወጣው ወጪ ነው፦ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚከፈለው የሁለት ታክሲ ዋጋ፣ ወይም ከአያት ተነስቶ በሜክሲኮ በኩል ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር ትኬት፣ የሰልፉና የግፊያው ድካም ታክሎበት። ፍትሐዊው ዋጋ በወለሉና በጣሪያው መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው። ወለሉ ላይ መቆም ያለው ድካም ሁሉ የባለመኪናው፣ ጥቅሙ ሁሉ የተሳፋሪው ይሁን ማለት ነው። ጣሪያው ላይ መቆም ተቃራኒው ነው። አብሮ የመጓዝ ትርፍ የተገኘው ከሁለቱ ወገን በመሆኑ ለሁለቱም መድረስ አለበት፤ የሊትር ክፍፍሉም ብዙውን ጊዜ መካከል ላይ ያደርሳል። ከጣሪያው ካለፈ ግን፣ ማለትም ተሳፋሪው በባቡር ቢሄድ በጣም የሚረክስለት ከሆነ፣ ድርሻውን ዝቅ ማድረግ ተገቢ ነው።

በዚሁ ምክንያት ባለመኪናው ራሱን ከክፍፍሉ ማውጣት የለበትም። ሦስቱ ተሳፋሪዎች ሙሉውን ቤንዚን ከሸፈኑ እርሱ ሥራው የሚደርሰው በነጻ ነው። ብቸኛው ልዩ ሁኔታ መኪናውን የሚያወጣው ለእነርሱ ሲል ከሆነ ነው። እርሱ ባቡር ይበቃው የነበረ ሆኖ ጓደኞቹ ለምነውት የሚነዳ ከሆነ፣ የእርሱ ድርሻ በግማሽ ቢቀነስ ወይም ጨርሶ ቢነሳለት ደስ ይለኛል። በአዲስ አበባ መንገድ በየቀኑ መንዳት ራሱ ሥራ ነውና።

ዘይት፣ ጎማ፣ ቦሎ፣ የዓመት ምርመራስ? የእኔ ፍርድ ለባለመኪናው ይተዉ የሚል ነው። መኪናው የእርሱ ነው፤ ሲሸጠውም ገንዘቡ የእርሱ ነው። የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ግን የዕለት ወጪ በመሆኑ ከቤንዚኑ ጋር ይደመር።

መንገድ ማጣመምና መቅረት

አንዱን ለመውሰድ ከዋናው መንገድ 1 ኪሎ ሜትር ወደ ሰፈር ገብቶ መውጣት በየጉዞው 2 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ይህ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ የዚያ ሰው ነው፤ ሌሎቹ አይካፈሉትም። በምሳሌያችን የመገናኛው ሰው ቤቱ ድረስ ካስመጣቸው ድርሻው ከ2 ኪሎ ሜትር ወደ 4 ያድጋል፣ እጥፍ ይሆናል። ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ ለሌሎቹም ደቂቃ ይተርፋቸዋል።

መቅረት የበለጠ ያከራክራል። የቀረው ሰው «ያልሄድኩበትን አልከፍልም» ይላል። መኪናው ግን ሄዷል። የሲኤምሲዋ ሴት አንድ ቀን ብትቀር፣ ስድስቱ ኪሎ ሜትር ለሁለት፣ ስምንቱ ለሦስት ይከፈላል፤ የእርሷ ድርሻ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል። እኔ የምደግፈው ይህን ነው፦ የዓመት ፈቃድ፣ የመስክ ሥራ፣ ሕመም፣ እንዲሁም ከዋዜማው ምሽት በፊት የተነገረ መቅረት አይቆጠርም። ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ «ዛሬ አልሄድም» የተባለበት ቀን ግን ይቆጠራል። ባለመኪናው የቀረበት ቀንም እንዲሁ ቀድሞ ይነገር፤ ተሳፋሪው ሌላ መንገድ የሚያገኝበት ጊዜ ያስፈልገዋልና።

መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እየበዙ እንደመጡት፣ ስሌቱ ያው ነው። በሊትር ፋንታ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠራል፤ ድርሻውም በጣም ያንሳል።

ከቤንዚኑ በላይ መቀበል

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮድ 2 መኪና የግል መገልገያ እንጂ ሰው በክፍያ የሚያመላልስ አይደለም። ጓደኞች የቤንዚን ወጪ ሲጋሩ ማንም አያተርፍም። ባለመኪናው ከወጪው በላይ መሰብሰብ ከጀመረ፣ ወይም የማያውቀውን ሰው በዋጋ ካሳፈረ፣ ጉዳዩ ወደ ንግድ ይጠጋል። የግል መኪና ሙሉ መድን ውሎችም አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በክፍያ ሰው ሲያጓጉዝ የደረሰን ጉዳት ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ግልጽ ካልሆነ መድን ሰጪያችሁን «ባልደረቦቼ ቤንዚን ያጋሩኛል፣ ሽፋኔን ይነካዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ብታገኙ የተሻለ ነው። ባለመኪናው ድርሻውን እንዲከፍል የምከራከረውም በከፊል ለዚህ ነው፤ የሚከፍል ሰው አትራፊ አይባልም።

አሰባሰቡና አነጋገሩ

ገንዘቡ እንደ እቁብ ቀን የተቆረጠለት ይሁን። እቁብ ላይ ማንም ማንንም አይለምንም፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈላል። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ያለፈው ወር ሊትር በወሩ ዋጋ ተባዝቶ ለባለመኪናው ይላክ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሒሳቡን ቢይዝና ለሁሉም ቢያስታውስ ይበልጥ ይቀላል፤ አስታዋሹ ባለመኪናው መሆን የለበትም።

ግብዣና ድርሻ አይቀላቀሉ። ብዙ ተሳፋሪ በሳምንት አንድ ቀን ምሳ ጋብዞ፣ አልፎ አልፎ ቡና ከፍሎ ዕዳውን የጨረሰ ይመስለዋል። ግብዣው ከልብ ነው፤ ግን ባለመኪናው ማደያ ላይ በምሳ አይከፍልም። ከዚህም በላይ ሦስት ሰዎች በየተራ ሲጋብዙ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ ሊታወቅ አይችልም፣ በተለይ አንዱ ጾመኛ ሆኖ ሽሮ ሲያዝ ሌላው ክትፎ ሲያዝ። ቤንዚኑ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ያለው ምሳ ግን የወዳጅነት ምሳ ነው፤ ማንም በልቡ አይቆጥረውም።

ንግግሩን ማን ይጀምር? ተሳፋሪው። ለባለመኪናው መጠየቅ ከባድ ነው፤ ለተሳፋሪው ማቅረብ ግን ክብር ይጨምርለታል። ባለመኪናው ደግሞ ቢያንስ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ «ተው እንጂ፣ እኛ መካከል?» ማለቱን ይተው። ለይሉኝታ ብሎ እምቢ ያለውን ገንዘብ ከወር በኋላ በልቡ ቂም አድርጎ ከሚይዘው፣ አሁኑኑ ቢቀበል ለሁሉም ይሻላል።

አቅም የሌለውን ሰው በተመለከተ፣ ለምሳሌ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ወይም በጡረታ ዋዜማ ያሉ አባት አብረው የሚጓዙ ከሆነ፣ ቅናሽ ማድረግ ያምራል። ቅናሹ ግን ከሚፈቅደው ሰው ድርሻ ይውጣ እንጂ ሌሎቹ ሳያውቁ አይጫንባቸው። ባለመኪናው «የጋሼን ድርሻ እኔ ይዣለሁ» ቢል መልካም ነው፤ ሒሳቡን ዝም ብሎ ለሦስት አካፍሎ መላክ ግን መልካም አይደለም።

ለጓደኛ የሚላክ መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ወንድሜ፣ ሁልጊዜ ስለምትወስደኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ የቤንዚን ድርሻዬን ልሸፍን። ከመገናኛ ሜክሲኮ ደርሶ መልስ በቀን ወደ 0.4 ሊትር ይደርሰኛል፣ አይተህ አርመኝ። በየወሩ አምስተኛው ቀን በቴሌብር እልካለሁ።» ባለመኪናው ታላቅ ሰው ከሆኑ፦ «እትዬ፣ በየቀኑ ስለሚወስዱኝ እግዜር ይስጥልኝ። የቤንዚኑን ድርሻዬን ሳልከፍል መሳፈር ስለከበደኝ፣ እባክዎ ይፍቀዱልኝ። አስልቼዋለሁ፣ ወረቀቱን ነገ ጠዋት አሳይዎታለሁ።»